ቄስ ሳይሆኑ የቀሩት የዘርዓ ክህነት ልጆች

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቄሶችን ለማፍራት የተቋቋመ አዳሪ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎቹን ለቅዳሜና እሁድ ጠርቶ ቢሰበስብ፣ ከመጪዎቹ የሚበዙት እነማን ይመስሏችኋል? እኔም መጀመሪያ የመለስኩት አሁን እናንተ በልባችሁ ያላችሁትን ነው፤ ቄሶች። ተሳስቼ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የፍራንቸስካውያን ማኅበር ያስተማራቸው የዘርዓ ክህነት ልጆች ሲገናኙ አዳራሹን የሚሞሉት ሚስቶቻቸውን ይዘው የመጡ ሽማግሎች ናቸው። ጡረታ የወጣ መምህር አለ፤ ጠበቃ አለ፤ የልጅ ልጆቹን ፎቶ በስልኩ እያዞረ የሚያሳይ አያት አለ። ቡናማ ቀሚስ ለብሰው ወገባቸውን በነጭ ገመድ የታጠቁት ፍራንቸስካውያን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የሚበዙት ሰዎች የገቡበትን ነገር ሳይፈጽሙ የወጡ ናቸው ማለት ነው። ታዲያ ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በኋላ ምን ጠራቸው? ነገሩን ስከታተለው እያደር ልቤን ገዛው፤ ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከቃሉ እንነሳ። ሴሚናሪ የምንለው ከላቲኑ ሴሚናሪዩም የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ዘር ተዘርቶ ችግኝ የሚፈላበት መደብ ነው። የአገራችን ካቶሊኮች «ዘርዓ ክህነት» ሲሉት ቃሉን ከነነፍሱ አመጡት። ሐሳቡን ሕግ ያደረገው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ ነው። ጉባኤው በ1563 እያንዳንዱ ጳጳስ በሀገረ ስብከቱ ለክህነት የሚያድጉ ልጆችን የሚያሳድግበት ቤት እንዲያቋቁም ደነገገ፤ ልጆቹም ቢያንስ 12 ዓመት የሞላቸው እንዲሆኑ ወሰነ። ምክንያቱንም ሳይሸሽግ ጽፎታል፤ ወጣት በጊዜ ካልተቃና ልቡ ወደ ዓለም ያደላል፣ ስለዚህ ክፉ ልማድ ሳይቀድመው ከልጅነቱ ይያዝ የሚል ነው። አኩፋዳውን አንግቶ በልጅነቱ ከእናቱ ጉያ የሚወጣውን የቆሎ ተማሪ ለምናውቅ ለእኛ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ የቆሎ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር አገር እያቋረጠ ሲሄድ፣ የዘርዓ ክህነቱ ልጅ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ በደወል ይኖራል።

አሁን ወደ አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ከኒው ዮርክ ከተማ ከሁለት ሰዓት በላይ በመኪና ተጉዛችሁ የምትደርሱባት ካሊኩን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በግርጌዋ የዴላዌር ወንዝ ያልፋል፤ ወንዙን ስትሻገሩ ፔንሲልቬንያ ነው። ከመንደሯ በላይ፣ ቁልቁል ወንዙን የሚያይ፣ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ግራጫ ድንጋይ የተገነባ ግዙፍ ሕንፃ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፍራንቸስካውያን የሠሩት የቅዱስ ዮሴፍ ሴራፊክ ሴሚናሪ ነው።

«ሴራፊክ» የተባለው ለምን እንደሆነ ሳውቅ ደስ አለኝ፤ የእኛው ሱራፌል ነው። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በ1224 ላቬርና በሚባል ተራራ ላይ ሲጸልይ ስድስት ክንፍ ያለው ሱራፊ ተገለጠለት፤ የክርስቶስም ቁስሎች በገላው ላይ ታዩ ተብሎ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ «ሱራፌላዊው አባታችን» ይለዋል፣ ልጆቹን የሚያሳድግበትንም ቤት በዚሁ ስም ይጠራል።

እንዲህ ያለው ቤት ንዑስ ዘርዓ ክህነት ነው፤ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ይገባል፤ ላቲን ይማራል፣ ይጸልያል፣ ኳስ ይጫወታል። ከዚያ በኋላ ገና ኮሌጅ፣ የአንድ ዓመት አመክሮ፣ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ይጠብቁታል። የወገብ ገመዱን የሚታጠቀው አመክሮ ሲገባ ነው፤ በገመዱ ላይ ያሉት ሦስት ቋጠሮዎች ድህነት፣ ንጽሕናና መታዘዝ ናቸው። ይህ ገመድ የእኛንም ታሪክ ነክቶታል። በ1638፣ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ አጋታንጀሎስና ካስያኖስ የሚባሉ ሁለት የካፑቺን ፍራንቸስካውያን ጎንደር ላይ የተሰቀሉት በገዛ የወገባቸው ገመድ እንደነበር ማኅበሩ እስከ ዛሬ ይተርካል።

ከካሊኩን ልጆች አንዱን ምናልባት በፎቶ አይታችሁታል። በ1933 ብሩክሊን ውስጥ ከአየርላንድ ስደተኞች ተወለደ። አባቱ የሞቱት እሱ ስድስት ዓመቱ ሳለ ነው። ትንሽ ገንዘብ ለማግኘት ፔን ስቴሽን በሚባለው የባቡር ጣቢያ ጫማ ይጠርግ ነበር፤ በአቅራቢያው በ31ኛው መንገድ ላይ ያለውን የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ቡናማ ለባሾቹንም ያያል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከ1930 ጀምሮ ለተራበ ሰው ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይታደላል። በ1948፣ በ15 ዓመቱ፣ ይህ ልጅ ካሊኩን ገባ። በ1961 ቀሰሰ። በኋላም የኒው ዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መንፈሳዊ አባት ሆነ። ስሙ አባ ማይክል ጀጅ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 መንትዮቹ ሕንፃዎች ሲመቱ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጋር ገብቶ እዚያው ሞተ፤ በዚያ ቀን ከሞቱት ሁሉ አስቀድሞ የተመዘገበው እሱ ነው፣ ቁጥሩም 0001። አምስት ሰዎች ወንበር ላይ አድርገው ሬሳውን ሲያወጡ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞሯል።

ስለ እሱ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ይገባዋል። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን በዚያው መኝታ ቤት ከጎኑ ተኝተው አድገው ቄስ ያልሆኑት ልጆች ነገር ነው።

በእነዚህ ቤቶች ስለነበረ አንድ ደንብ ልንገራችሁ፤ ካላወቃችሁት የመገናኘቱ ትርጉም አይገባችሁም። «የተለየ ጓደኝነት» ክልክል ነበር። ሁለት ልጆች ዘወትር አብረው ከታዩ ይጠራሉ፣ ይመከራሉ። መነኩሴ የሚሆን ሰው ሁሉን እኩል መውደድ አለበት፣ ልቡን ለአንድ ሰው መስጠት አይገባውም የሚል ነው ትምህርቱ። ማታ የመጨረሻው ጸሎት ካለቀ በኋላ ደግሞ እስከ ማግስቱ ጠዋት ታላቁ ጸጥታ ይወርዳል፤ አንድ ቃል መናገር አይቻልም። ልጆቹ ግን ልጆች ናቸው። በትልቅ መኝታ አዳራሽ አልጋዎች ተደርድረው፣ የጎረቤትህን ትንፋሽ እየሰማህ፣ እናትህን ናፍቀህ ብታለቅስ ማን እንደሰማህ ታውቃለህ፤ ማን እንዳልነገረብህም ታውቃለህ። ወዳጅነትን እንዲህ በጥንቃቄ የከለከለው ቤት ስድሳ ዓመት የማይበጠስ ወዳጅነት አበቀለ።

ሌላም ነገር አለ። ልጅ ቤቱን ሲለቅ ስንብት አልነበረም። ራሱም ወስኖ ይሁን አለቆቹ «ጥሪህ ይህ አይደለም» ብለውት፣ ሻንጣውን ሌሎቹ ቅዳሴ ወይም ክፍል እያሉ ያዘጋጃል፣ በጸጥታ ይሸኛል። የቀሩት የሚያዩት ፍራሹ የተጠቀለለ አልጋ ነው። ለምን ሄደ ተብሎ አይጠየቅም። ብዙ የቀድሞ ተማሪዎች ትዝታቸውን ሲናገሩ ወደዚያ ባዶ አልጋ ይመለሳሉ። የሄደውም ቢሆን የራሱን ሸክም ይዞ ነው የሄደው፤ እናቱ «ልጄ ቄስ ሊሆን ነው» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች። አየርላንዳውያን እንዲህ ላለው ልጅ «የተበላሸ ቄስ» የሚል ስም እንኳ ነበራቸው። አስቡት፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ!

ስለዚህ እኔ እንደገባኝ፣ ያ የቅዳሜና እሁድ መገናኘት ሳይደረግ የቀረው ስንብት ነው። የሄደው ለምን እንደሄደ የሚናገርበት፣ የቀረው ደግሞ «ያን ቀን ጠዋት ፈልጌህ ነበር» የሚልበት።

አርብ ማታ ይደርሳሉ። ደረታቸው ላይ ስማቸውን ይለጥፋሉ፤ ከስሙ ሥር ግን የገቡበት ዓመት መጻፉ ይበልጥ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ፊት ተለውጧል። ቅዳሜ፣ ከተፈቀደላቸው፣ ግቢውን ሄደው ይጎበኛሉ። ካሊኩን ራሱ በ1972 ከተዘጋ በኋላ ሕንፃው ወጣቶች ሙያ የሚማሩበት የመንግሥት ማሠልጠኛ ሆነ፤ በሌላ ቦታ ያሉ ቤቶች ተሸጠዋል ወይም ፈርሰዋል። ከሰዓት በኋላ ወሬ ነው፤ አሁንም ወሬ ነው። ያ የላቲን መምህር፣ ያ የበረዶ ክረምት፣ ያ ጨዋታ።

ቅዳሴው ላይ የሙታን ስም ይነበባል። ይህ ከፍራንቸስካውያን የዕለት ኑሮ የመጣ ነው። በገዳማቸው በየቀኑ በዚያ ዕለት ያረፉ ወንድሞችን ስም ከመዝገብ ያነባሉ፤ መቶ ዓመት የሆነው ሟችም ሳይቀር በቀኑ ይጠራል። ፍራንቸስኮስ ሞትን «እህት» ብሎ የጠራ ሰው ስለሆነ ነገሩ በእነሱ ዘንድ አያስፈራም። በመገናኘቱ ላይ ግን አባ ተብሎ የሞተውም፣ ሦስት ልጆች አሳድጎ የሞተውም በአንድ መዝገብ ይጠራሉ። ይህን ስሰማ ነው ነገሩ የበራልኝ። ቤቱ በኖረበት ዘመን የወጣውን ልጅ ስም አያነሳም ነበር፤ አሁን ያነሳዋል።

መጨረሻ ላይ ሳልቬ ሬጂናን በላቲን ይዘምራሉ። ይህ የማታው ጸሎት መዝጊያ፣ ከታላቁ ጸጥታ በፊት የመጨረሻው ድምፃቸው ነበር። ወረቀት አያስፈልጋቸውም። ከእነሱ መካከል ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ዘመን የሆነውም ሰው ቃሉን አይስትም። ሚስቶቹ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚነበበው ነገር ልዩ ነው፤ አርባ ዓመት አብሯት የኖረው ሰው እሷ በማታውቀው ዜማ ሲቀልጥ ታያለች።

ቤቶቹ ለምን ተዘጉ ትሉኝ ይሆናል። በ1965 በአሜሪካ በየደረጃው ለካቶሊክ ክህነት የሚማሩት ወደ 49,000 ይጠጉ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ካህናት አስተዳደግ ባወጣው ሰነድ ንዑስ ዘርዓ ክህነትን አልሻረም፤ ይልቁንም የልጆቹ ኑሮ ለዕድሜያቸው የሚስማማ፣ ከቤተሰባቸውም ያልተቆረጠ እንዲሆን አዘዘ። አንዴ የዕድሜያቸው ጥያቄ ከተነሳ ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የዕድሜ ልክ ነገር ይወስናል ብሎ መከራከር ከባድ ሆነ። ወላጆች ልጆቻቸውን መስጠት ቀነሱ፣ አስተማሪዎቹም ራሳቸው ከማኅበሩ መውጣት ጀመሩ፤ ሕንፃዎቹ ደግሞ በክረምት ለማሞቅ እንኳ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋሉ። ካሊኩንን ያስተዳድር የነበረው የማኅበሩ ክፍል እንኳ በ2023 ከሌሎች አምስት ጋር ተዋህዶ አዲስ ስም ይዟል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሁሉም ልጅ በፍቅር አያስታውስም። በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ የነበረው የቅዱስ አንቶንዮስ ሴሚናሪም የፍራንቸስካውያን ነበር። በ1987 ከተዘጋ በኋላ የተቋቋመ ገለልተኛ መርማሪ ቡድን በ1993 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1964 እስከ 1987 ባለው ጊዜ 11 መነኮሳት 34 ልጆችን በወሲብ እንደበደሉ አረጋግጧል። ያ ታላቁ ጸጥታ፣ ያ አይጠየቅም የሚባለው ነገር፣ እነዚህን ልጆች ምን ያህል ብቻቸውን እንዳስቀራቸው አስቡት። ከባዶዎቹ አልጋዎች አንዳንዶቹ ለምን ባዶ እንደሆኑ ዛሬ ይታወቃል። የመገናኘት ጥሪ ሲደርሰው ደብዳቤውን ቀዶ የሚጥል የቀድሞ ተማሪ ካለ ቂመኛ አትበሉት።

እንግዲህ እነዚህ መገናኘቶች የእኛ አገር የእድር ዓይነት ጸባይ አላቸው፤ አንድ ነገር ግን ይለያቸዋል። አዲስ አባል አይገባም። ካሊኩን በ1972 ሲዘጋ 14 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ወደ 70 ተጠግቷል፤ ከማይክል ጀጅ ጋር የገቡት በሕይወት ካሉ 90 አልፏቸዋል። በየዓመቱ የሚነበበው የስም ዝርዝር ይረዝማል፣ የሚያነቡት ያንሳሉ።

ከእነሱ አንዱን አውቶቡስ ላይም ይሁን ጎረቤታችሁ ሆኖ ካገኛችሁት፣ «ለምን ቄስ ሳትሆን ቀረህ?» አትበሉት፤ ያንን ዕድሜውን ሙሉ ተጠይቋል። «አልጋህ የት ጋ ነበር?» በሉት። እጁን አንስቶ በአየር ላይ አዳራሹን ይስልላችኋል፤ በሩ ይህ፣ መስኮቱ ያ፣ የእኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ከዚያም ወደ ግራው ያመለክትና የአንድ ልጅ ስም ይጠራል።