አሻራችን፡ ምሥጢር ወይስ መታወቂያ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን፡፡

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስንጓዝ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወፍር ከፊታችን የሚመጣውን ሰው መልክ መለየት ይቸግራል፤ መንገደኛውን የምናውቀው በድምፁ ነው፡፡ ዛሬ ደግሞ ሰው በጣት አሻራው፣ በዐይኑ ብሌንና በፊቱ ምስል ይለያል፡፡ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ፣ ‹ፋይዳ›፣ እነዚህን መዝግቦ 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጣል፡፡ ታዲያ አሻራን መስጠት ምሥጢርን አሳልፎ መስጠት ነውን?

ምሥጢር ባለቤቱ ሊሰውረው፣ ቢታወቅበትም በሌላ ሊለውጠው የሚችለው ነገር ነው፡፡ አሻራችን ግን በያዝነው ብርጭቆ ላይ ይቀራል፤ ፊታችንንም በገበያ ሁሉ ያየዋል፡፡ በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የሀገሩን የመከላከያ ሚኒስትር የአውራ ጣት አሻራ ከፎቶግራፍ መልሶ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል፡፡ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ ጣት ግን አይለወጥም፡፡ ስለዚህ አሻራ ማንነትን የሚገልጥ መታወቂያ እንጂ ብቻውን ደጅ የሚከፍት ቁልፍ ሊሆን አይገባውም፡፡

ይህን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 እናስተውላለን፡፡ ዐይኖቹ የፈዘዙት ይስሐቅ ድምፁ የያዕቆብ እንደ ሆነ ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን የፍየል ጠጕር የለበሱትን እጆች ዳስሶ፣ የልብሱንም ሽታ አሽትቶ ዔሳው መሰለው፡፡ ምልክት ሊመሰል ይችላል፤ አንዱ ምልክት ሲያጠራጥር ሌላው ብቻ ሊታመን አይገባም፡፡

ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንያዝ፡፡ አንደኛ፣ መታወቂያ ነው ማለት ይበተን ማለት አይደለም፡፡ የማይለወጥ ነገር ከሁሉ የበለጠ ጥበቃ ይሻል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ሰብሳቢዎች ይህን አደራ እንዲወጡ ያስገድዳል፡፡ ሁለተኛ፣ በእውነት ምሥጢር የሆነው በስልካችን የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥርና የባንክ የይለፍ ቁጥራችን ነው፡፡ «ከባንክ ነው» ብሎ ለሚደውል ሁሉ አንንገር፤ በተለይ አረጋውያን ወላጆቻችንን እናስጠንቅቅ፡፡ ሦስተኛ፣ ገብስ ሲያጭዱና ድንጋይ ሲክቡ የኖሩ እጆች አሻራቸው ሊደበዝዝ ይችላል፡፡ መሣሪያው አላነበበውም ተብሎ ማንም ሊከለከል አይገባም፤ በዐይንና በፊት ምስል ይለያልና፡፡

መሣሪያ ጣታችንን ያነባል፤ ልባችንን የሚመረምር ግን የፈጠረን አምላክ ብቻ ነው፡፡ እርሱ በቸርነቱ ይጠብቀን፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡