እንጀራ በአራተኛው ቀን ለምን ይሻግታል?

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ቤት አስቡ። ጠዋት ወደ ማዕድ ቤቱ ሁለት ነገር ገባ፦ ከጣና የወጣ ቆሮሶና ከምጣድ የወጣ እንጀራ። ቤቱ ፍሪጅ የለውም እንበል። ዓሣው በዚያው ቀን ማታ መሽተት ይጀምራል። እንጀራው ግን ሁለት ሦስት ቀን በሰላም ይቆይና በአራተኛው ቀን ገደማ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ሁለቱም የተቀመጡት አንድ ቤት፣ አንድ ሙቀት ውስጥ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፣ አይደል? መልሱን የያዘ ሰው ግን ቤቱ ውስጥ የሚጣለውን ምግብ መቀነስ ይችላል። ከዚያም አልፎ የትኛውን ምግብ ማትረፍ እንደሚቻል፣ የትኛውን ደግሞ መጣል እንደሚሻል ይለያል።

የሚጣለው ስንት ነው?

መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቤተሰብ በቀን ግማሽ እንጀራ ቢጥል በዓመት 182 ያህል እንጀራ ይሆናል። ከ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 6 እንጀራ ይወጣል ብለን ብንይዝ፣ ይህ 30 ኪሎ ጤፍ ነው። የአገራችን አማካይ የጤፍ ምርት በሄክታር 19 ኩንታል ገደማ ነው። 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ 30 ኪሎ ጤፍ ለማምረት 160 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ያስፈልጋል። የመረብ ኳስ ሜዳ ስፋት 9 በ18 ሜትር፣ ማለትም 162 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ የመረብ ኳስ ሜዳ የሚያህል ማሳ ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ታጭዶና ተወቅቶ ምርቱ በየዓመቱ ቆሻሻ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ማገዶው ወይም መብራቱ፣ ውሃውና የጋጋሪዋ ድካም ገና አልተቆጠረም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው ከሆቴልና ከገበያ ሳይሆን ከየቤቱ ነው።

እርሾ ባክቴሪያን ያሸንፋል፣ ሻጋታን ግን አይችለውም

ወደ ዓሣውና ወደ እንጀራው እንመለስ። ምግብ የሚያበላሹ ጥቃቅን ሕያዋን በሁለት ትልልቅ ወገን ይከፈላሉ፦ ባክቴሪያና ፈንገስ። ሻጋታ የምንለው ከፈንገስ ወገን ነው።

የዓሣ ሥጋ ውሃና ፕሮቲን የሞላበት ሲሆን፣ ፒኤች የምንለው የአሲድነት መለኪያው ወደ 7 የተጠጋ ነው። ይህ ማለት አይመርም፣ አይኮመጥጥም። ለባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም፤ በሰዓታት ውስጥ ይራባሉ።

የእንጀራ ሊጥ ግን ሁለት ሦስት ቀን ተቦክቷል። በእርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የዱቄቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። እንጀራ የሚኮመጥጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ፒኤቹ 3.5 አካባቢ ይደርሳል። ፒኤች በ1 በቀነሰ ቁጥር አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ እንጀራ ፒኤቹ 6.5 ከሆነ ዓሣ ይልቅ 1,000 እጥፍ አሲዳማ ነው። ከ4 በታች ሲወርድ፣ ሰውን የሚያሳምሙ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች መራባት ያቅታቸዋል።

ሻጋታ ግን አሲድ ብዙም አይገደውም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ የ2012 ጥናት ከሻገተ እንጀራ ላይ ያገኛቸው አስፐርጊለስ፣ ፔኒሲሊየምና ራይዞፐስ የሚባሉት የሻጋታ ወገኖች ናቸው። ሦስቱም በኮምጣጣ ምግብ ላይ ጥሩ አድርገው ያድጋሉ።

ከየት መጡ? ከምጣዱ አይደለም። የምጣዱ ሙቀት ሊጡ ውስጥ የነበሩትን ይገድላቸዋል። የሻጋታ ዘር፣ ስፖር የሚባለው፣ እንጀራው ላይ የሚያርፈው ከወጣ በኋላ ነው፤ ከአየሩ፣ ከሰፌዱ፣ ከእጅ፣ ካለፈው ሳምንት ፍርፋሪ ካልጸዳ መሶብ። መሶብን አራግፎ ፀሐይ ላይ ማስጣት የጽዳት ወግ ብቻ አይደለም፤ የስፖሩን ቁጥር ይቀንሳል።

ሌላም ነገር አለ። ትኩስ እንጀራ ወዲያው ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል። የወጣው እንፋሎት ፌስታሉን ሲነካ ቀዝቅዞ ተመልሶ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል። ሻጋታው የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ ውሃ።

የድርቆሽ ምስጢር

ሻጋታን በአሲድ ማቆም ካልቻልን በምን እናቁመው? ውሃውን በመንፈግ። ድርቆሽ የምንሠራውም ለዚሁ ነው።

ሳይንቲስቶች አንድ ምግብ ውስጥ ጥቃቅን ሕያዋን ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ውሃ ከ0 እስከ 1 ባለ መለኪያ ይገልጹታል። ንጹሕ ውሃ 1 ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከ0.91 በታች፣ አብዛኞቹ ሻጋታዎች ከ0.80 በታች ማደግ ያቅታቸዋል። ከ0.60 በታች ምንም አያድግም። ልብ በሉ፣ መለኪያው «ስንት ውሃ አለ» ብቻ ሳይሆን «ስንቱ ነፃ ነው» የሚል ነው። ጨው ውሃውን ይዞ ስለማይለቅ፣ ቋንጣ ላይ ጨው የምንነሰንሰው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ከጣና የሚወጣ ዓሣ ተሰንጥቆ፣ ጨው ገብቶበት ሲደርቅም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ለሚሄድ ልጅ ወይም ባሕር ማዶ ለሚሻገር ዘመድ ድርቆሽ የሚቋጠረው ለዚህ ነው። ሻጋታው አልሞተም፤ የሚጠጣው አጣ እንጂ። ውሃ ካገኘ ይነሣል።

እዚህ ላይ የባሕር ዳር ክረምት ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። እንጀራው ላይ ያለው ውሃ ወደ እርጥብ አየር ቶሎ አይወጣም፤ ስለዚህ ማድረቅ ከሻጋታው ጋር እሽቅድምድም ይሆናል። ቶሎ ካልደረቀ ሻጋታው ይቀድማል። መፍትሔው ወቅቱን ማገዝ ነው፦ በትንንሹ መቁረስ፣ ሳይደራርቡ ሰፌድ ላይ ማስጣት፣ ዝንብና አቧራ እንዳይነካው በስስ ጨርቅ መሸፈን፣ ማገላበጥ፣ ፀሐይ ከሌለ ከጋገራ በኋላ እየበረደ ባለው ምጣድ ሙቀት መጠቀም። መድረሱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ከተጣጠፈ አልደረሰም፤ «ኮሽ» ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከዚያ ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ክፍት ጆንያ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ከክረምቱ አየር እርጥበት መልሶ ይጠጣል።

ፍሪጅ ውስጥስ?

ፍሪጅ ሻጋታን ያዘገየዋል፣ ግን እንጀራውን ያደርቀዋል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ውሃው መጥፋቱ ብቻ አይደለም። እንጀራ ሲጋገር የጤፉ ስታርች ውሃ ይዞ ይለሰልሳል። ሲቀዘቅዝ የስታርቹ ሞለኪውሎች እንደገና ተጠጋግተው ይደረደራሉ፣ ውሃውን እየገፉ ይጠነክራሉ። ይህ ደግሞ በጣም የሚፈጥነው ልክ በፍሪጅ ሙቀት፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ስታርቹ ተመልሶ ይለሰልሳል። ፍርፍር ማለት በኬሚስትሪ ቋንቋ ይኸው ነው። እንግዲህ የደረቀ እንጀራና የሻገተ እንጀራ ለየቅል ናቸው። የደረቀው አልተበላሸም።

ፍቆ መብላት ቁጠባ ነው?

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። ነጠብጣቧን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን መብላት፣ ወይም «ፀሐይ ይገድለዋል» ብሎ ድርቆሽ ማድረግ በብዙ ቤት አለ። ምግብ መጣል ነውር ነው ብሎ ያደገ ሰው ሐሳቡ ደግ ነው። ሳይንሱ ግን አይደግፈውም።

የምናየው ነጠብጣብ ሻጋታው ዘር የሚበትንበት ጫፉ ነው። ከሥሩ ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋሉ። የእንጀራ ዓይኖች ደግሞ ለነዚህ ክሮች የተከፈቱ በሮች ናቸው። ከአስፐርጊለስ ወገን አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራሉ። ይህ መርዝ በአንድ ቀን አያሳምም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ቱርክ የሚባሉ የዶሮ ዘመዶች የሻገተ የኦቾሎኒ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነው።

ሁሉም ሻጋታ መርዝ አይሠራም። ግን በዓይን አይለይም። ማብሰልም አያድነንም፤ አፍላቶክሲን የሚፈርሰው ከ230 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ፀሐይ ሻጋታውን ሊያደርቀው ይችላል፤ የተሠራው መርዝ ግን እዚያው ይቀራል።

«እሺ፣ ለላም እንስጣት» ብትሉስ? ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን ከፊሉ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተሠራና በ2016 የታተመ ጥናት 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ካስቀመጠው ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። ዋናው ተጠርጣሪ በሻጋታ የተበከለ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ለላም የተወረወረ ሻጋታ በብርጭቆ ተመልሶ ይመጣል። የሻገተ እንጀራ ቦታው አፈር ነው፤ ጓሮ ካለ ከቅጠልና ከአመድ ጋር ተቀብሮ ኮምፖስት ይሆናል።

እስቲ ሞክሩት

ከአንድ እንጀራ መዳፍ የሚያህሉ ሦስት ቁራሾች ይበቃሉ። አንዱን ከነትኩሱ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት። ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ሌላ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት። ሦስተኛውን ኮሽ እስኪል አድርቃችሁ ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡት። ሦስቱንም አንድ ቦታ አድርጉና ቀኑን ጻፉባቸው። ከመጀመራችሁ በፊት የቱ ቀድሞ እንደሚሻግት ገምቱ፤ ከዚያ በየቀኑ ፎቶ አንሡ። ፌስታሎቹን ግን አትክፈቱ፤ ስፖሩ ሲተነፈስ በተለይ አስም ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። ሲያልቅ እንደታሰሩ ጣሏቸው።

ቀኑን ከሻጋታው ቀድሞ መቁጠር

በብዙ ቤት እንጀራ የሚጋገረው በየሦስት አራት ቀኑ ነው። በየቀኑ እንዳይጋገር ምጣድ ማሟቂያው ብዙ ማገዶ ወይም መብራት ይፈጃል፤ በሳምንት አንዴ እንዳይሆን ደግሞ ይሻግታል። ጋጋሪዎቻችን ይህን ስሌት በቁጥር ሳይጽፉት አውቀውታል።

እኛ የምንጨምርበት አንድ ነገር ነው። ድርቆሽ የሚሠራው እንጀራው ሲሻግት ሳይሆን ከመሻገቱ በፊት ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መሶቡን ክፈቱ፤ እስከ ማታ የማይበላውን ያህል ቁጠሩ። ከዚያ «እማዬ፣ ይሄን ላስጣው?» በሉ። በአራተኛው ቀን ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው፤ መልሱም ያው ጓሮ ነው።