ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ያልተመረጠውን ልጅ ምን እንበለው?

በተለያዩ ክልሎች ያሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች 8ኛ ክፍልን በከፍተኛ ውጤት ካለፉት መካከል ጥቂቶችን በመግቢያ ፈተና ይቀበላሉ። ቁጥሩን የሚገድበው የቦታ ማነስ ነው። ስሙ ያልወጣ ልጅ ግን «ሰነፍ ነህ» የተባለ ይመስለዋል። ስለዚህ ውጤቱ ሳይለጠፍ አሠራሩን እንንገረው። ከቀረም «ቀደር ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት እናዳምጠው።

ከባዱ አንዱ ወንድም አልፎ ሌላው ሲቀር ነው። የኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) አባት ለእርሱ ብቻ ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ሊያደርጉ ሄዱ። ነቢዩ ለሌሎቹም ልጆች ሰጥተው እንደሆነ ጠየቁ፤ አለመስጠታቸውን ሲሰሙ አልመሰከሩም። ላለፈው ልጅ ሻንጣና ብርድ ልብስ መግዛት የትምህርቱ ወጪ ነው። ስልክ መሸለምና ጎረቤት ጠርቶ መደገስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የቀረው ልጅ እዚያው ቤት ውስጥ ቡና ሲያቀርብ ይውላል። እርሱንም በዚያው ሳምንት 9ኛ ክፍል ወደሚማርበት ትምህርት ቤት አብረነው ሄደን እናስመዝግበው።