የሚያሞቀውና የሚበላው ሱፍ

በወሩ አምስተኛ ቀን ንጋት ላይ ሳሪስ አቦ ደጅ የቆመ ሰው ስለ ልብስ ብዙ ይማራል። ነጠላ ብቻ የደረበው ይንቀጠቀጣል፤ ጋቢ የለበሰው ተረጋግቶ ያስቀድሳል፤ ከነጠላው ሥር የሳልባጅ ካፖርት ያጠለቀው ደግሞ ሞቆታል፣ ግን አንገቱን ያካል። (ጻድቁ አቦስ በሥዕላቸው ገላቸውን የሸፈነው የራሳቸው ጠጉር ነው።)

ከጋቢው እንነሳ። ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ፣ እምብዛም ያልከረረ። ያልከረረ ክር አየር ያስራል፤ የሚያሞቀውም የታሰረው አየር ነው። የበግ ጠጉር ደግሞ በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ አየሩን ከጥጥ ይበልጥ ይይዛል፤ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ቢመጥ እንኳ እርጥብ አይመስልም።

ጠጉሩ ተባዝቶ እንደተመሰቃቀለ ሲፈተል ጎፈር ያለ ክር ይወጣዋል፤ የብርድ ልብስና የወፍራም ካፖርት ክር ይህ ነው። ተበጥሮ፣ አጭሩ ተለይቶ፣ ረጅሙ ጎን ለጎን ሲሰለፍ ግን ክሩ ቀጭንና ልሙጥ ይሆናል፤ ለሙሉ ልብስ የሚመረጠው እሱ ነው። መልኩ ያምራል፣ የካውያ መስመሩ አይጠፋም፤ ሙቀቱ ግን ያንሳል።

ሽመናውም የራሱ ድርሻ አለው። እንደ ነጠላ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች ከተሸመነ፣ በከረረ ክር ሲሆን ነፋስ ያሳልፋል፤ ለቀትር ፀሐይ ደህና ነው። ጂንስ ሱሪ ላይ እንደምናየው ሰያፍ ከሆነ ደግሞ ክሮቹ የሚቆላለፉበት ቦታ ስለሚቀንስ ተጠጋግተው ይገባሉ፤ ጨርቁ ጥቅጥቅ ይላል፣ ሰውነት ላይም ሳይገተር ይወርዳል።

ማሳከኩ ግን የሸማኔው ጥፋት አይደለም። ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር 3 በመቶ ያለፈ ጠጉር ጫፉ ቆዳ ሲነካ አይታጠፍም፤ ይወጋል። ከመቶው ጠጉር አምስቱ ያህል እንዲህ ከሆነ ቆዳ ያውቀዋል። ጥሩ የሜሪኖ በግ ጠጉር 20 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ የመንዝ በግ ግን ሻካራ ጠጉር ስላለበት ከጠጉሩ የሚሸመነው ባና ከሸሚዝ ወይም ከጋቢ በላይ እንጂ በባዶ ገላ አይመችም። የሚያስቸግረው ይኸው ነው፦ ላላ ያለው ፈትል አየር ሲያስር የጠጉሩን ጫፎችም ወደ ውጭ ይለቃል። ጠጉሩ ሻካራ ከሆነ በጣም የሚያሞቀው ክር በጣም የሚበላውም ነው።

እኛ ፖሊስተሩንም «ሱፍ» ስለምንል፣ ሰፊዎች ከጠርዙ አንድ ክር መዘው በክብሪት ይለኩሱታል። የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተና አመዱ ከፈረሰ የበግ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ከሠራ አይደለም።

አቦ ደጅ አንገቱን የሚያከው ሰውዬ ካፖርቱ እውነተኛ ሱፍ ሳይሆን አይቀርም። ከላይ የጣለውን ነጠላ አውርዶ ከኮሌታው ሥር ቢጠመጥመው ቅዳሴው እስኪያልቅ እጁ ያርፍ ነበር።