ፒዲኤፍ ሰነድን ወደሚታረም ፋይል መለወጥ፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በጠመንጃ ያዥ አካባቢም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚኖር ተገልጋይ ቅጽ፣ የውል ረቂቅ፣ መመሪያ ወይም አዋጅ በስልኩ ሲደርሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በፒዲኤፍ ነው። ፋይሉ ይነበባል፣ ይታተማልም፤ ነገር ግን ስም ለመሙላት፣ አንቀጽ ለማሻሻል ወይም ከጽሑፉ ወስዶ በማመልከቻ ውስጥ ለመጥቀስ አይመችም። በዚህ ጊዜ ሰነዱን ወርድን ወደመሰለ የሚታረም ፋይል መለወጥ ያስፈልጋል። ሥራው ቀላል ቢመስልም በአማርኛ ሰነድ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አንዲት ፊደል ስትሳሳት የሰነዱ ትርጉም ሊገለበጥ ይችላልና።

ፒዲኤፍ ለማረም የማይመችበት ምክንያት

ፒዲኤፍ አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የፋይል ዓይነት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። ዓላማው ሰነዱ በየትኛውም ኮምፒውተር ወይም ስልክ ቢከፈት መልኩ ሳይለወጥ እንዲታይ ማድረግ ነው። ስለሆነም በፋይሉ ውስጥ በዋናነት የሚቀመጠው ፊደላቱ በገጹ ላይ የሚያርፉበት ቦታ ነው። ለዋጭ ፕሮግራም ይህንን አቀማመጥ ተመልክቶ ቃሉን፣ መስመሩንና ሠንጠረዡን መልሶ ይገምታል።

ግምቱ የሚሳሳትበትን ሁኔታ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ በግልጽ ማየት ይቻላል። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሚታተም፣ ፕሮግራሙ ዓምዶቹን ካልለየ የአማርኛው መስመር መሐል የእንግሊዝኛው ይገባበታል። እንዲህ ሲያጋጥም የሚፈለገውን ዓምድ ብቻ ቆርጦ መለወጥ ይመረጣል።

ሦስቱን የሰነድ ዓይነቶች መለየት

ከመለወጥ በፊት ሰነዱ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ከሰነዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጎ ባዶ ገጽ ላይ መለጠፍ በቂ ነው።

1. የተለጠፈው ጽሑፍ ትክክለኛ አማርኛ ከሆነ ሰነዱ የተጻፈው በዩኒኮድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል ከ2013 እትም ወዲህ ባሉት የማይክሮሶፍት ወርድ ፕሮግራሞች በቀጥታ ከፍቶ በወርድ ፋይልነት ማስቀመጥ ይቻላል።

2. የተለጠፈው ጽሑፍ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከሆነ፣ ሰነዱ ከዩኒኮድ ውጭ በሆነ የቀድሞ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ስላስቀመጡ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ አይነበብም። መፍትሔው ለዚያው ፎንት የተዘጋጀ ወደ ዩኒኮድ መለወጫ መጠቀም ነው፤ ካልተገኘ ሰነዱን እንደ ምስል ቆጥሮ በሦስተኛው መንገድ መሥራት ይቻላል።

3. ከጽሑፉ ምንም ኮፒ ማድረግ ካልተቻለና ሰነዱ ካልተቆለፈ፣ ፋይሉ የወረቀት ስካን ወይም ፎቶ ነው። በዚህ ጊዜ ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደልን ያነባል፤ በጎግል ድራይቭ ላይ የተጫነን ፒዲኤፍም በጎግል ዶክስ በመክፈት ጽሑፉን ማውጣት ይቻላል። ወረቀቱ ሳይዛባና ጥላ ሳያርፍበት፣ ቢያንስ በ300 ዲፒአይ ጥራት ስካን ቢደረግ ውጤቱ የተሻለ ይሆናል።

በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሰነድ

በፒዲኤፍ ላይ ሁለት ዓይነት ቁልፍ ሊኖር ይችላል። አንደኛው ሰነዱ እንዳይከፈት፣ ሁለተኛው ተከፍቶ ሲነበብ እንዳይታረም ወይም ኮፒ እንዳይደረግ የሚከለክል ነው። ተገልጋዩ የይለፍ ቃሉን ወይም የሚታረመውን ቅጂ መጠየቅ ያለበት ሰነዱን ካዘጋጀው አካል ነው። ቁልፍ የሚሰብሩ ፕሮግራሞችን መጠቀም ለተንኮል አዘል ሶፍትዌር ከማጋለጡም በላይ የሰነዱን ባለቤት ፈቃድ መጣስ ነው።

ከተለወጠ በኋላ የሚደረግ ማመሳከር

የኢትዮጵያ ፊደላት በጥቃቅን ምልክቶች የሚለያዩ በመሆናቸው ፕሮግራሞች ያምታቷቸዋል። “ይከፍላል” የሚለው ቃል “ይከፈላል” ተብሎ ቢነበብ ከፋይ የነበረው ተቀባይ ይሆናል። “ተከሳሽ” ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋ ፊደል ብትወድቅ “ከሳሽ” ይሆናል። “አከራይ” እና “ተከራይ”ም በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ። እነዚህ ሁሉ ትክክለኛ የአማርኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ስሕተታቸውን አያመለክትም፤ ሊያገኘው የሚችለው ከመነሻው ጋር አመሳክሮ የሚያነብ ሰው ነው።

ቁጥሮችም በተለየ ሁኔታ መታየት አለባቸው። በቆዩ ሰነዶች ላይ ዜሮን በ“ዐ” ፊደል መተካት የተለመደ ስለነበር፣ ለምሳሌ “2ዐዐዐ” ተብሎ የተጻፈ የብር መጠን ለዓይን ትክክል ቢመስልም በኤክሴል አይደመርም፣ በቁጥር ሲፈለግም አይገኝም። እንደ ፩፣ ፪ እና ፫ ያሉ የግዕዝ ቁጥሮችም ሌላ ፊደል ተደርገው ሊነበቡ ይችላሉ። በመሆኑም የብር መጠን፣ ቀን፣ የአንቀጽ ቁጥር፣ ስምና አድራሻ አንድ ሰው ከመነሻው ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው ከተለወጠው ፋይል ላይ እየተከታተለ ቢያመሳክሯቸው ይመከራል።

የግል መረጃ ጥበቃና የሰነዱ ሕጋዊነት

በኢንተርኔት ላይ ያሉ ነፃ መለወጫዎች ፋይሉን ወደራሳቸው ሰርቨር ይወስዳሉ። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሕግ ጥበቃ ቢደረግለትም፣ የመጀመሪያው ጥንቃቄ የባለቤቱ ነው። የመታወቂያ ቅጂ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የባንክ መግለጫና የቤት ካርታን የመሳሰሉ ሰነዶችን ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ፕሮግራም መለወጥ ይሻላል። ሥራው በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ከሆነም ተገልጋዩ ከመውጣቱ በፊት ፋይሉ ከዴስክቶፑ፣ ከዳውንሎድ ማኅደሩና ከሪሳይክል ቢን መጥፋቱን ማረጋገጥ፣ የተጠቀመበትን ኢሜይልና ቴሌግራምም መዝጋት ይኖርበታል።

በመጨረሻም፣ የተለወጠ ፋይል የመሥሪያ ቅጂ እንጂ የመነሻው ሰነድ ምትክ አይደለም። በኤሌክትሮኒክ ፊርማ የተፈረመ ሰነድ ይዘቱ ከተነካ ለውጡ ፊርማው ሲፈተሽ ይታወቃል። በማኅተም የተረጋገጠ ማስረጃን ለውጦ ስም፣ ቀን ወይም ውጤት ማስተካከልና እንደ እውነተኛ ሰነድ ማቅረብ ደግሞ በወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ የሐሰተኛ ሰነድ ዝግጅት ነው። በማስረጃ ላይ ስሕተት የተገኘ እንደሆነ እርማቱ የሚጠየቀው ማስረጃውን ከሰጠው ተቋም ነው። የውል ረቂቅም ከታረመ በኋላ ተዋዋዮች እንደ አዲስ አንብበውት ሊፈርሙበት፣ ሕጉ ምዝገባ የሚጠይቅ ሲሆንም ሊያስመዘግቡት ይገባል። ለምሳሌ በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግና መመዝገብ አለበት። የመነሻው ፒዲኤፍም ሳይነካ በሌላ ስም ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል፤ ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜ ማመሳከሪያው እርሱ ነው።