ማስረጃን ወደ ዕለታዊ ልማድ መለወጥ፦ የወረርሽኝ መከላከያ ርምጃዎች አዘናን በመሰሉ ከተሞች

አንድን በሽታ ለመከላከል የሚያስችል ዘዴ በጥናት ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያ ዘዴ በገበያ፣ በለቅሶ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ቤት ሳይቋረጥ የሚፈጸም ልማድ እንዲሆን ማድረግ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ በኋላ እጅን በሳሙና የመታጠብ፣ ርቀትን የመጠበቅና አፍና አፍንጫን የመሸፈን መልእክት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በስልክ መጥሪያ ድምፅ ሳይቀር ተዳርሷል። መልእክቱን ያልሰማ ሰው ጥቂት ነበር፤ የሰማውን እስከ መጨረሻው የፈጸመው ሰው ቁጥር ግን ከሰሚው ቁጥር ጋር አልተመጣጠነም። በመስማትና በመፈጸም መካከል ባለው ክፍተት የሚጎዱት በአብዛኛው አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ክፍተቱ እንዴት እንደሚጠብ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኘውን አዘናን በምሳሌነት በመውሰድ ያብራራል። የተዘጋጀውም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለቀበሌ አመራሮች፣ ለእድር ዳኞች፣ ለመምህራንና ለሃይማኖት አባቶች ነው።

ማስረጃ ምን ይለያል?

በወረርሽኝ ጊዜ ብዙ ምክር በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከፊሉ ይጠቅማል፤ ከፊሉ አይጠቅምም፣ አይጎዳምም፤ ከፊሉ ደግሞ ይጎዳል። እነዚህን ለመለየት አስተማማኙ መንገድ ርምጃውን ከወሰዱና ካልወሰዱ ተመሳሳይ ሰዎች የተገኘውን ውጤት ማነጻጸር ነው።

ለዚህ ሁለት መድኃኒቶች ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። በወረርሽኙ መጀመሪያ ለወባ ሕክምና ይሰጥ የነበረው ክሎሮኪንና ዝርያው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ኮቪድ-19ን ይፈውሳሉ ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተስፋ ተጣለባቸው። በእንግሊዝ አገር በሺህ በሚቆጠሩ የሆስፒታል ታማሚዎች ላይ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለ ጥናት ግን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሞትን እንደማይቀንስ አረጋገጠ። ያው ጥናት በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ዴክሳሜታዞን የተባለ ርካሽና የቆየ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱ ታማሚዎች ሞትን በሲሶ ያህል፣ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው ደግሞ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ታማሚዎች ግን ጥቅም አልተገኘበትም። ስለዚህ ማስረጃ የሚመልሰው ጥያቄ «ይጠቅማል?» የሚለውን ብቻ አይደለም፤ «ለማን? መቼ?» የሚለውንም ነው።

ማስረጃ መተው ያለበትንም ያሳያል። በብዙ የዓለም ከተሞች መንገድ ላይ ክሎሪን ሲረጭ ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህ ርጭት ቫይረሱን ለመከላከል እንደማይመከር፣ በሰው ላይ መርጨት ደግሞ ጎጂ መሆኑን በግንቦት ወር 2012 ዓ.ም. አስታውቋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ምግብነታቸው መልካም ቢሆንም ከበሽታው እንደሚከላከሉ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አረቄም ለእጅ ማጽጃነት አይሆንም፤ ማጽጃው ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ሊኖረው ሲገባ በቤት የሚወጣው አረቄ መጠኑ የማይታወቅ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከዚህ ያነሰ ነው። ለርጭት የሚወጣው ገንዘብና ጉልበት ለሳሙናና ለውኃ ቢውል የበለጠ ሕይወት ያድናል።

አስኳሉ አይለወጥም፤ ቅርጹ ከስፍራው ጋር ይስማማል

እያንዳንዱ ውጤታማ ርምጃ ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው አስኳሉ ነው፤ ይህም ርምጃው የሚሠራበት ምክንያት ስለሆነ ከተነካ ጥቅሙ ይጠፋል። ሁለተኛው ቅርጹ ነው፤ ይህም እንደ አገሩ አየር፣ ገቢና ባህል ሊለወጥ ይችላል፣ ሊለወጥም ይገባል። ብዙ ጊዜ ሥራ የሚበላሸው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። ቅርጹ ከሌላ ስፍራ እንዳለ ሲገለበጥ ሕዝቡ አይቀበለውም፤ አስኳሉ ለቅርጹ ሲባል ሲቀነስ ደግሞ ሥራው ለይስሙላ ይሆናል።

የእጅ መታጠብ አስኳል የሚፈስ ውኃ፣ ሳሙናና ቢያንስ 20 ሰኮንድ መፈተግ ነው። ቧንቧና የሸክላ መታጠቢያ ግን ቅርጽ ናቸው። ቧንቧ በሌለበት ቤት በእግር በሚረገጥ እንጨትና በገመድ የሚዘነበል ጀሪካን ያንኑ ሥራ በጥቂት ውኃ ይሠራል፤ እጅ ጀሪካኑን ስለማይነካውም ንጽሕናው ይጠበቃል። ደረቅ ሳሙና ቶሎ የሚጠፋበት ስፍራ የዱቄት ሳሙና በውኃ ተበጥብጦ ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢቀመጥ ወጪው ይቀንሳል።

በአየር የሚተላለፍ በሽታን የመከላከል አስኳል ደግሞ ሰዎች በአንድ የታፈነ ክፍል ውስጥ የሌላውን ትንፋሽ ለረጅም ጊዜ እንዳይጋሩ ማድረግ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለው የመተላለፍ አደጋ ከደጅ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ቡናው አይከለከልም፤ ረከቦቱ ወደ በረንዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይወጣል።

ሰላምታም እንዲሁ ነው። የሰላምታ አስኳሉ አክብሮት ነው፤ መጨባበጥና ትከሻ ለትከሻ መገናኘት ቅርጹ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት በአገሩ የቆየ፣ ታላቅን የማክበሪያ ሥርዓት በመሆኑ ከውጭ ከመጣ የክርን ሰላምታ ይልቅ ለሽማግሌም ለሕፃንም ይቀላል።

ማወቅ ወደ ማድረግ የሚሸጋገረው እንዴት ነው?

በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ገጠር የተካሄደው ጥናት ነው። ጥናቱ 600 ያህል መንደሮችንና ወደ 340 ሺህ የሚጠጉ አዋቂዎችን ያካተተ ነበር። በግማሾቹ መንደሮች አራት ነገሮች በአንድነት ተሠሩ፦ ማስክ በየቤቱ በነጻ ታደለ፤ ጥቅሙ ተብራራ፤ የመንደር መሪዎችና የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው አድርገው ታዩ፤ በገበያና በአምልኮ ስፍራም ያላደረገ ሰው በጨዋነት እንዲያደርግ ተጠየቀ። ማስክን በአግባቡ የሚያደርጉ ሰዎች ቁጥር ከመቶ 13 ወደ 42 ከፍ አለ። የቀዶ ሕክምና ማስክ በታደለባቸው መንደሮች ምልክት ያሳየና በደም ምርመራ የተረጋገጠ ኮቪድ-19 በ11 በመቶ ያህል፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ ደግሞ በ35 በመቶ ያህል ቀነሰ።

ለተግባር ባለሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው የጥናቱ ክፍል ያልሠራውን መለየቱ ነው። የስልክ የጽሑፍ ማስታወሻ መላክ፣ ለመንደሩ ሽልማት መስጠትና በቃል ማስገባት ተጨማሪ ለውጥ አላመጡም። ለውጥ ያመጣው ዕቃው በእጅ መግባቱ፣ የሚከበር ሰው አርአያ መሆኑና ማሳሰቢያው በስፍራው ፊት ለፊት መሰጠቱ ነው።

ይህ አሠራር በኢትዮጵያ አዲስ መዋቅር አይጠይቅም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 5 ሺህ ያህል ሕዝብ ላለው የገጠር ቀበሌ ሁለት ባለሙያዎችን መድቧል። የሴቶች የልማት ቡድንና የ1 ለ 5 አደረጃጀትም እስከ እያንዳንዱ ቤት ይደርሳሉ። እድር ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ያቋቋመው፣ ዳኛውና ደንቡ የሚከበርለት ተቋም ነው።

በየስፍራው እንዴት ይፈጸም?

በገበያ። የገጠሩና የከተማው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚገናኝበት ስፍራ ገበያ ነው። ገበያው ደጅ መሆኑ በራሱ ይረዳል። የሚያስፈልገው በሻጮች መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ መተው፣ በየመግቢያው የእጅ መታጠቢያ ማኖርና ማስክ ለሌለው ማደል ነው። ከገበያው ይልቅ የሚያሠጋው ከገበያ በኋላ ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ጠባብ ጠላ ቤትና አረቄ ቤት ስለሆነ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ደጅ ማውጣት ይመከራል።

በለቅሶ። ለቅሶ መከልከል ሐዘንተኛን በሐዘኑ ላይ ብቻውን መተው ስለሆነ ሕዝቡ በምሥጢር እንዲሰበሰብ ይገፋፋል። የተሻለው መንገድ ሥርዓቱን መጠበቅና አደጋውን መቀነስ ነው። የእድሩ ድንኳን ጎኖቹ ተጠቅልለው ይታሰሩ፤ ለቀስተኛው በተራ እየገባ አጽናንቶ ይውጣ፤ ምግብ በጋራ ትሪ ሳይሆን ለየብቻ ይቅረብ፤ የሳለ ወይም ያተኮሰው ሰው በስልክ ያጽናና። ይህን የእድሩ ዳኛ አስቀድሞ በደንብ ካስወሰነ ማንም ቤተሰብ ብቻውን ተወቃሽ አይሆንም።

በአምልኮ ስፍራ። ምእመናን በቅጥሩ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ማስቀደሳቸው የቆየ ልማድ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ይህን ልማድ ማስፋት፣ በመስጊድም ሰጋጁ የየራሱን ምንጣፍ ይዞ በግቢው እንዲሰግድ ማድረግ ከአስኳሉ ጋር ይስማማል።

በበዓልና በጉዞ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረው በዓል ብዙ ሺህ ሕዝብ ይሰበስባል። ትርኢቱ በሜዳ ስለሚካሄድ ትልቁ አደጋ ከሜዳው ይልቅ ወደ በዓሉ በሚያደርሰው የተጨናነቀ መኪናና ከትርኢቱ በኋላ በታፈነ አዳራሽ በሚደረግ ግብዣ ላይ ነው። ወደ እንጅባራም ሆነ ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ ቢበርድም መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ቢጓዝ፣ ተሳፋሪውም ማስክ ቢያደርግ አደጋው ይቀንሳል።

በቤት። ቤተሰቡ በአንድ ክፍል በሚኖርበት ቤት «ታማሚው በተለየ ክፍል ይቆይ» የሚለው መመሪያ ሊፈጸም አይችልም። አስኳሉን መጠበቅ ግን ይቻላል፦ ታማሚው በመስኮት ወይም በበር አጠገብ ይተኛ፤ የሚያስታምመው ሰው አንድ ብቻ፣ ወጣትና ጤነኛ ይሁን፤ ሁለቱም ማስክ ያድርጉ፤ አያቶች ለጊዜው ከዘመድ ቤት ይቆዩ። የመተንፈስ ችግር ሲታይ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ ለመረጃም በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 መደወል ያስፈልጋል።

ቋንቋና አመኔታ

በአዊ ዞን የብዙ ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋ አዊኛ ነው። በአማርኛ የሚሰማ ሰው እንኳ ስለ ሕመምና ስለ ሞት የሚጠይቀውና የሚጠራጠረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ስለዚህ መልእክቱ በአዊኛ መዘጋጀትና ከመታተሙ በፊት ለጥቂት አረጋውያንና ወጣቶች ተነቦ ምን እንደተረዱ መጠየቅ አለበት።

የክትባት ሥራም በአመኔታ ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው 2 ሚሊዮን 184 ሺህ ዶዝ ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ክትባቱ መጋቢት 4 ቀን ሲጀመር ወሬው ከክትባቱ ቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር። ወሬን በቁጣ መመለስ ያጠነክረዋል። የሚሻለው ጥርጣሬውን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ፣ የሚታወቀውን በግልጽ መናገር፣ ከክትባት በኋላ የክንድ ሕመምና ቀላል ትኩሳት ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። ይህ ያልተነገረው ሰው ትኩሳቱን የወሬው ማረጋገጫ ያደርገዋል።

መቁጠርና ማረም

ርምጃው እየተፈጸመ ስለመሆኑ ሰውን በመጠየቅ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በገጠር ኬንያ በተደረገ ጥናት ማስክ አደርጋለሁ ያሉት ብዙዎች፣ በዓይን ሲታዩ በትክክል አድርገው የተገኙት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ አንድ ሰው በገበያ ቀን በመግቢያው ቆሞ የመጀመሪያዎቹን 100 ሰዎች ይቁጠር፦ ስንቱ አፍና አፍንጫውን ሸፍኗል? ስንቱ እጁን ታጥቧል? ጀሪካኑ ውኃ፣ ጠርሙሱ ሳሙና አለው? ቁጥሩ በየሳምንቱ በአንድ ደብተር ይጻፍ።

ቁጥሩ ሲቀንስ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ዝግጅቱ እንጂ ሕዝቡ አይደለም። ብዙ የእጅ መታጠቢያዎች ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚደርቁት ውኃው ሲያልቅ የሚሞላው ሰው በስም ስላልተወሰነ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መታጠቢያ ሲተከል ሦስት ነገሮች አብረው ይወሰኑ፦ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? የሳሙናው ወጪ ከየት ይሸፈናል? ሲሰበር የሚጠግነው ማን ነው?

ኢትዮጵያ ይህን መንገድ ከዚህ ቀደም ተጉዛበታለች። በአገሪቱ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ያ ውጤት የመጣው መላውን ሕዝብ በአንድ ጊዜ በመከተብ ሳይሆን፣ ሠራተኞች በየመንደሩ እየዞሩ ታማሚውን በመፈለግና በዙሪያው ያሉትን ሁሉ በመከተብ ነበር። ክትባቱ አስኳል ነበር፤ ፍለጋው ደግሞ ለአገሩ መልክዓ ምድር የተስማማ ቅርጽ ነበር።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ቀበሌ ከአንድ ወረርሽኝ በላይ ይጠቀማል። በገበያው በር የሚቆመው ጀሪካን ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ የሕፃናትን ተቅማጥ ይቀንሳል፤ የተከፈተው የመማሪያ ክፍል መስኮት ለሳንባ ነቀርሳ መከላከልም ይረዳል፤ የእድሩ ደንብም ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ተዘጋጅቶ ይቆያል። ስለዚህ የቀበሌው ግብረ ኃይል በመጀመሪያው ስብሰባው ከአንድ ስፍራ፣ ከአንድ ርምጃና ከአንድ ኃላፊ ሰው እንዲጀምር፣ በሳምንቱም ቆጥሮ ውጤቱን ለሕዝቡ እንዲያሳውቅ ይመከራል።