ሽሪምፕ ቀምሶ ለማያውቅ ሰው

ጀርመን ውስጥ በሥነ ምግብ ባለሙያነት ስሠራ ከሀገሬ ልጆች የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው የስኳርና የደም ግፊት ናቸው። አሁን አሁን ግን ጂም የሚያዘወትሩ ወጣቶች የፕሮቲን ባር ይዘው እየመጡ «ይሄ ነገር ፌንጣ አለበት የሚባለው እውነት ነው?» ይሉኛል። አንዳንዱ በእርግጥም አለበት። የአውሮፓ ኅብረት የደረቀ የዱቄት ትልን እ.ኤ.አ. በ2021፣ የቤት ፌንጣን ደግሞ በ2022 ለምግብነት ፈቅዷል። የነፍሳቱ ስም በማሸጊያው ላይ መጻፍ ስላለበት ማንም ሳያውቅ አይበላውም፤ ካነበበ ማለት ነው።

ጠያቂዎቼን የሚያሳስባቸው ሁለት ነገር ነው፤ መጸየፍና ጾም። በመጸየፉ አልከራከርም፤ ሰው ያላደገበትን ምግብ አልበላም ቢል መብቱ ነው። በጾሙ በኩል የእኔ ድርሻ ፌንጣ እህል ሳይሆን እንስሳ መሆኑን መናገር ነው፤ የቀረው የንስሐ አባታቸው ፈንታ ነው። ማንም የማይጠይቀኝ፣ እኔ ግን ሳላነሣ የማላልፈው የአለርጂው ጉዳይ ነው።

ፌንጣ በሥጋው አሠራር ለሽሪምፕና ለሸርጣን ቅርብ ዘመድ ነው። በጡንቻቸው ውስጥ ትሮፖማዮሲን የሚባል በጣም የሚመሳሰል ፕሮቲን አለ፤ ሽሪምፕ የማይስማማውን ሰው በአብዛኛው የሚያሳብጠው ይኸው ነው። መጥበስም መጋገርም በቀላሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «ለሽሪምፕ መሰሎች፣ ለቀንድ አውጣ መሰሎች ወይም ለአቧራ ተባይ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጻፋል።

ማስጠንቀቂያው ሽሪምፕ እየበላ ላደገ ሰው በቂ ነው። የእኛን ሰው «ሽሪምፕ ይስማማሃል?» ብዬ ስጠይቀው ግን «ኧረ እኔ በአፌም አልዞረ!» ይለኛል። በሃይማኖትም በልማድም ከማዕዳችን የራቀ ምግብ ነውና ብዙዎቻችን ችግር ይኑርብን አይኑርብን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። አለመብላት ደግሞ ከአለርጂ ነፃ አያደርግም። በፍራሽና በምንጣፍ አቧራ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ተባዮችም ይህንኑ ፕሮቲን ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት፣ ሽሪምፕ በሕጋቸው የተከለከለባቸውና የአቧራ ተባይ አለርጂ ያለባቸው አይሁዶችን ደም መርምሮ፣ በአንዳንዶቹ ላይ የሽሪምፕን ትሮፖማዮሲን የሚያጠቃ የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል አግኝቷል። ይህ ሲበሉ የግድ ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ ሰውነት ግን በምላስ ያልቀመሰውን በአፍንጫ ሊተዋወቀው እንደሚችል ያሳያል።

ፕሮቲኑን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። የደረቀ የፌንጣ ዱቄት ከግማሽ በላዩ ፕሮቲን ነው። ነገር ግን 40 ግራም በሚመዝን ባር ውስጥ ዱቄቱ 10 በመቶ ቢሆን 4 ግራም ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ፕሮቲን 3 ግራም አይሞላም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎም እንዲሁ። የቀረው የባሩ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ቴምር፣ ለውዝና ሽሮፕ ነው። ጡንቻ ለመገንባት የሚገዛው ሰው ከፊት የተሳለውን ትቶ የጀርባውን መቶኛ ቢያይ ገንዘቡን ያተርፋል።

ስለዚህ ባሩን ይዞ የመጣውን ሰው የምጠይቀው ስለ ሽሪምፕ ብቻ አይደለም። ጠዋት ስትነሣ ታስነጥሳለህ? አልጋ ስታነጥፍ ዓይንህን ያሳክክሃል? አስም አለብህ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለ፣ ሐኪም አይቶት የአለርጂ ምርመራ እስኪያደርግ ባሩ ሳይከፈት ይቆይ እላለሁ። «የለም» ያለውም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀምስ ትንሽ ቆርሶ፣ ሰው ባለበት ይሁን። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ 112 መደወል እንጂ ውኃ ጠጥቶ ይለፍልኝ ብሎ መጠበቅ አይገባም።